ለፀሐይ ብዬ የቆረጥኩት የወልዴ ሳንባ

ባሌ ወልደገብርኤል ወረቀት አይጥልም። ከአዲስ አበባ የመጣንበት የአውሮፕላን ትኬት ጉራጅ እሱ ዘንድ አለ። ቶሮንቶ ገብተን መጀመሪያ የተሳፈርንበት የባስ ትኬትም አለ። ከጣልነው ዘጠኝ ዓመት የሆነው የዳቦ መጥበሻ ዋስትና ሳይቀር አለ። ይህን ሁሉ ዚፑ በተበላሸ ጥቁር ቦርሳ አጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው መልሱ አንድ ነው፤ «ምን ይታወቃል?» በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህን ቃል የሰማሁትን ያህል «እወድሻለሁ» ተብዬ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ወፍሬ በር አይበቃኝም ነበር።

እኔ ጠጂቱ ደግሞ መጣል እወዳለሁ። ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት መኝታ ቤት ዕቃ ሲበዛ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዌስተን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ፤ ሰው አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ጠዋት ወገቤን ይዤ ስገባ ወልዴ ኢቶቢኮ ወዳለው፣ ሳጥን ወደሚያነሳበት ዌርሃውስ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር አገኘዋለሁ። «ደህና አደርሽ?» ይላል። «ደህና ዋል» እላለሁ። ትዳራችን በር ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም። አብረን አረፍ የምንለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻ ነው። ምሳ በልተን፣ መጋረጃ ዘግተን ጋደም እንላለን።

ያቺኑ የእሁድ እንቅልፍ የሚያበላሽብኝ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ፍራሻችን ስር የወልዴ ራጅ ፊልም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደዚህ ልንመጣ ስንል በጤና ምርመራው ሳንባው ላይ አንዲት ነጥብ ታየች። ወጣትነቱን ጎጃም በረንዳ በብየዳ ጭስና በሲጋራ ነው የጨረሰው። ጌታን ሲቀበል ሲጋራውን ተወ እንጂ የሳበውን ጭስ ማን ያወጣለታል? «ሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን» ተባለና አክታ ስጥ፣ ጠብቅ፣ እንደገና ስጥ እየተባለ ስድስት ወር ተንከራተተ። በመጨረሻ ነጻ ነህ አሉትና ፊልሙን በቡናማ ፖስታ አሽገው በእጁ ሰጡት። የሰጠው ሰውዬ «እንዳታጥፈው፣ ብርሃን ላይም እንዳትተወው» አለው። ወልዴ ይህችን ቃል እንደ አሥርቱ ትዕዛዛት ያዛት። እዚህ ከገባን ወዲህ ፖስታውን አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍት፣ እንዳይታጠፍ ብሎ ፍራሽ ስር አጋደመው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በተገላበጠ ቁጥር ከስሬ ኮሽ፣ ኮሽ። «ያንተ ሳንባ እኔን እንቅልፍ ነሳኝ!» እለው ነበር። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ፀሐይ ትጨልማለች ተባለ። ከተማው ሁሉ ለዚሁ የሚሆን መነጽር ፍለጋ ላይ ታች ሲል እኛ ሰፈር አልቋል አሉን። እኔ ምን ቸገረኝ! አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ፀሐይ ስትጨልም ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው በራጅ ፊልም ነው። ለዓይን ጥሩ እንዳልሆነ የሰማሁት አሁን በቅርቡ ነው፤ ያኔ ማን ነግሮን። ዋዜማው እሁድ ነበር። ወልዴ ወንበር ሊደረድር ቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ፍራሹን አነሳሁና ፖስታውን አወጣሁ። ፊልሙን በወጥ ቤት መቀስ ስድስት ቦታ ቆራረጥኩት። ፖስታው ባዶ እንዳይመስል ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ከተትኩበትና መለስኩት። ካሌንደር ኮሽ አይልም። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

አንዱን ለራሴ አስቀረሁ፣ አንዱን ለልጄ ለሩሀማ ሰጠሁ። አንዱን ጎረቤቴ ሀፍሳ ወሰደች። አንዱን የመዘምራንን ልብስ የምትሰፋው አበራሽ ወሰደች። ሁለቱን ከወልዴ ጋር ዌርሃውስ ለሚሠራው ለሰላሙ ሰጠሁት። «ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ «የድሮ ነው» አልኩት። ሰኞ ከሰዓት ሁላችንም ወጥተን ብናንጋጥጥ ሰማዩ ደመና! እንደ ምሽት ጨለመ፣ የመንገዱ መብራት በራ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነጋ። አለቀ። የባሌን ሳንባ ቆራርጬ ያየሁት ደመና ነው።

ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ ወልዴን ሳል ያዘው። ክሊኒክ ሄደ፣ ራጅ አነሱት። በማግስቱ ኮል አደረጉና ሲቲ ስካን ያስፈልጋል አሉ፤ እሱንም ተነሳ። ከዚያ ኢቶቢኮ ሆስፒታል ውስጥ ያለች የሳንባ ሐኪም ዘንድ አፖይንትመንት ተያዘለት። ከሺፍት ወጥቼ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር እዚያው አገኘሁት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ከኔ ሩሀማ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። ግን ትዕግሥቷ ደስ ይላል። የወልዴን ሳንባ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ እያሳለፈች አሳየችን። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ከሽምብራ የማትበልጥ ነጭ ነገር ቁጭ ብላለች።

«አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ናት» አለች። «የድሮ ቁስል ጠባሳ ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ ጠርዟ ልስልስ ነው፤ መሐሏም ካልሲየም ይዞ ይነጣል። ካንሰር ብትሆን ደግሞ ጠርዟ እንደ እሾህ ይወጣል። የእርስዎ ግን ግማሽ ጎኗ ልስልስ፣ ግማሹ ሸካራ ነው። ካልሲየሙም መሐሏን ትቶ ጥግ ይዟል። በዚህ ሥዕል ብቻ ይህ ነው ማለት አልችልም።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» አላት ወልዴ።

በመርፌ ናሙና መውሰድ እንደሚቻል ነገረችን፤ ግን ሳንባው በጭስ የተጎዳ ስለሆነ መርፌው ቀዶ ሊያስተነፍሰው ይችላል። ካልሆነ ቀዶ ጥገና ነው፤ ያንን የሳንባውን ክፍል ማውጣት። «ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ?» አላት። «ትንፋሽዎ አሁንም ትንሽ ነው፤ ሳጥን ማንሳቱ የሚቀር ይመስለኛል» አለችው ሳትዋሽ። ወልዴ ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር። ሲጨንቀው ጉልበቱን ያሻል።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ» አለች። «የቆየ የደረት ፎቶ አለዎት? ከመርፌም ከምኑም በላይ የሚነግረኝ እሱ ነው። ይህች ነጥብ ከዓመታት በፊት እዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ከነበረች ጠባሳ ናት። ካንሰር ይህን ያህል ዓመት ሳያድግ ቁጭ አይልም።»

ወልዴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አለኝ! ከአገሬ ይዤው የመጣሁት አለኝ!» አለና ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ፊቱ ሲበራ ያየሁት ሩሀማ የተወለደች ቀን ነው። «ጠጅዬ፣ ምን ይታወቃል ብዬሽ አልነበረም?»

ክው አልኩ። ሐኪሟ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችን። ስለ ድሮው ምርመራ እሷም በበኩሏ ብታጠያይቅ ከየትም አልተገኘም፤ ያለው ወልዴ እጅ ላይ ያለው ብቻ ነው ተባለ።

ሰው ለምን ያኔውኑ አልነገርሽውም ይለኛል። ቁጣውን ፈርቼ አይደለም፤ ወልዴ አይቆጣም። ፊቱ ላይ የበራውን ነገር በእጄ ማጥፋት ነው የፈራሁት። በዚያ ላይ ደክሞኝ ነበር። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር አቅም ከየት ይመጣል? በባስ ስንመለስ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ቤት ስንገባ «ፖስታውን አትንካው፣ በቀጠሮው ቀን እኔ አወጣዋለሁ» አልኩት። «አዎ፣ ብርሃን እንዳያገኘው» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ከዚያ ለቀማ ገባሁ። የራሴን ቁራጭ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ሩሀማ የሷን ከድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ሥር አወጣችልኝ። ጉዳዩን ስነግራት «ማሚ! ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ቁጭ አለች። ሀፍሳ መታጠቢያ ቤቷ መስኮት ላይ ለጥፋው ኖሮ እየሳቀች ልጣ ሰጠችኝ። አበራሽ የአንገት ልክ ማውጫ አድርጋዋለች፤ ጠርዙን በመቀስ ከርክማዋለች። «ለምን ፈለግሽው?» ብትለኝ «እንዲያው» አልኳት። ሰላሙ አንዱን ከመኪናው ውስጥ አወጣልኝ፤ ሌላውን ግን የለም አለ። «ዌርሃውስ እረፍት ላይ ስንቀባበለው ነበር፤ መጨረሻ ማን እጅ እንደቀረ እኔ እንጃ። ወልዴን ብትጠይቂው፣ እሱም ነበረ» አይለኝ መሰላችሁ! «ተወው፣ ተወው! ለወልዴም እንዳትነግረው» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

አምስቱን ቁራጭ ሩሀማ ክፍል መሬት ላይ ዘርግተን በፕላስተር አገጣጠምን። ድሪቶ መሰለ። አንድ ጥግ ብቻ ክፍት ነው፤ ከላይ በግራ በኩል። «ተመስገን፣ የጎደለው ግራው ነው። ሐኪሟ ቀኝ ነው ያለችው» ስል ልጄ አየችኝ። «ማሚ፣ ፎቶው ፊት ለፊትሽ እንደቆመ ሰው ነው። በአንቺ ግራ ያለው የሱ ቀኝ ነው።» ሌላው ሁሉ ተገኝቶ የጎደለችው ያቺው ነጥብ ያለችባት ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተኛሁ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ሊሆን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ወልዴ እጁን አነሳ። ወልዴ በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ የሱ አገልግሎት ወንበር ነው። ማይክራፎኑን ይዞ ስለ ሳሉ፣ ስለ ነጥቧ፣ ስለ ሐኪሟ ተናገረ። «ጌታ ግን ድንቅ ነው። ይህን ቀን አስቀድሞ አይቶ የሳንባዬን ፎቶ አሥራ ስድስት ዓመት ፍራሼ ስር አስጠበቀኝ። ባለቤቴ ጣለው ስትለኝ እንኳ አልጣልኩም» አለ። ሕዝቡ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ አጨበጨበ። አበራሽ ከመዘምራኑ መሐል ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሰላሙ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ አጨበጨብኩ።

ቤት ገባን፣ ምሳ በላን፣ ወልዴ ጋደም አለ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ከሐኪሟ ዘንድ ከተመለስን ሦስተኛው እሁድ ነው። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«ወልዴ፣ ተነስ» አልኩት። ያን ድሪቶ አምጥቼ ጭኑ ላይ አኖርኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። ፀሐዩን፣ መቀሱን፣ ካሌንደሩን፣ የጎደለችውን። እያለቀስኩ ነው የምናገረው።

ፊልሙን አገላብጦ አየው። ጉልበቱን አላሻሸም። «ይህ ፕላስቲክ ነው» አለኝ። «ሦስት እሁድ ግን እዚህ አጠገቤ ተኝተሽ ብቻሽን ፈራሽ? እኔስ አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነበር ደስ ያለኝ መስዬ የከረምኩት።»

አንጀቴን በላው።

«የትኛው ነው የጎደለው?» አለ።

«ከላይ፣ በቀኝህ በኩል ያለው። ሰላሙ ዌርሃውስ ወስዶት ስትቀባበሉት ጠፋ አለ።»

ወልዴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነሳና ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ያን ጥቁር ቦርሳ አወጣ። ልብሱን ሊከትበት መሰለኝ፤ ጥሎኝ ሊሄድ መሰለኝ። ልለምነው አፌን ስከፍት ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፈው። የአውሮፕላን ትኬት ወረደ። የዳቦ መጥበሻው ዋስትና ወረደ። ካልኩሌተር የሌለው የካልኩሌተር ካርቶን ወረደ። ከሁሉም በታች በወረቀት ፎጣ የተጠቀለለች አንዲት ጥቁር ቁራጭ።

«ያን ቀን ተራዬ ደርሶ ወደ ደመናው እያንጋጠጥኩ ሳለ የእረፍት ሰዓት አለቀ። እጄ ላይ ቀረች» አለኝ።

«እና ለምን አልጣልካትም?» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የምጠይቀውን የሰማሁት።

«መልሱን ታውቂዋለሽ» አለኝ።

ክፍቷ ቦታ ላይ አኖራት፤ ልክ ገጠመች። ስንት በር ያንኳኳሁባት፣ ባሌ እንዳይሰማ ብዬ ስንት የዋሸሁባት ቁራጭ ከራሴ አልጋ አራት እርምጃ ርቃ ኖራለች። መጋረጃውን ገልጠን ወደ መስኮቱ አነሳናት። አጥንቱ መሐል ሽምብራ የምታህል ነጭ ነገር አለች። ደግ ትሁን ክፉ አናውቅም፤ ብቻ አለች።

ማክሰኞ ወልዴ ፖስታውን ራሱ ይዞ ገባ። ሐኪሟ ፊልሙን ስታወጣ ዓይኗ ፈጠጠ። «ምን ደረሰበት?» አለች። ወልዴ እኔ አፌን ሳልከፍት «የፀሐይ ግርዶሽ» አላት። እንዲህ ያለ ፊልም የሚታይበት የመብራት ሰሌዳ ድሮ ቀርቷል አለችና ኮምፒውተሯ ላይ ነጭ ባዶ ገጽ ከፍታ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው። በማስመሪያ ለካች። አሁንም ለካች። ቀና ሳትል «ይህን ሥዕል የሚያነበው ሐኪም ይየው፤ ውጭ ጠብቁኝ» ብላ ይዛው ሄደች።

አንድ ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ከሺፍት ነው የመጣሁት፤ ዓይኔ ይከደናል፣ ልቤ ያባንነኛል። ወልዴ እጄን ይዞታል። ከተጋባን ወዲህ በሰው ፊት እጄን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው፤ ላቡ በላቤ ሆነ።

ተመልሳ መጣች። ከሩቅ ፈገግታዋን አየሁ፤ አላመንኩትም።

«ያችው ናት» አለች። «ቦታዋም ያው፣ መጠኗም ያው። አሥራ ስድስት ዓመት ንቅንቅ አላለችም። ጠባሳ ናት፣ የቆየ ቁስል። መርፌም ቀዶ ጥገናም አያስፈልግም። ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ደግመን እናነሳዎታለን፣ ከዚያ በቃ።»

አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የድካም እኔም አላወቅኩት፤ የሌሊት ሺፍቱን ሁሉ፣ የሦስቱን እሁድ ሁሉ አንድ ላይ ነው ያወጣሁት። ወልዴ ግን እጁን ዘርግቶ «ፊልሜን» አላት። «ኮፒ አድርገነዋል፤ ከፈለጉ እዚሁ እናስወግድልዎታለን» ብትለው እሱ ምን በወጣው! ፖስታው ውስጥ ከተተና ብብቱ ስር ሸጎጠው።

ይኸው አሁን ፍራሹ ስር ተመልሷል። ፕላስተር ስለበዛበት ኮሽታው ከድሮው ይብሳል። እሁድ ምሳ በልተን፣ መጋረጃ ዘግተን እንጋደማለን። ወልዴ ሲገላበጥ ኮሽ ይላል፤ እኔም ዓይኔ ክድን ይላል። አንዳንዴ ደክሞት ሳይንቀሳቀስ የቆየብኝ እንደሆነ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ያኔ በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ። «ምንድን ነው?» ይላል በእንቅልፍ ልቡ።

«ምንም፤ ተገላበጥ» እለዋለሁ።